ለጎጃም ባለእጆች የቀረበ ምስጋና

ውድ የጎጃም ወገኖቼ፣

ባሕር ዳር ላይ ያቀረብኩት የቅርጻ ቅርጽ ዐውደ ርዕይ በሰላም ተጠናቋል። መጥታችሁ ላያችሁልኝ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ለተመላለሳችሁ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። አሜሪካ ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ። ሰው ቅርጹ ፊት ቆሞ «ይሄማ የኛ እንስራ ነው» ሲል የሰማሁት ግን እዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያላችሁ ሸክላ ሠሪ እናቶቼ፣ እናንተን ላመስግን። ትልቋ ሥራዬ ውሃ ቀጂ ሴት ናት። አጥንቷ ፌሮ፣ ገላዋ የበሬ ቆዳ፣ ቀሚሷ ደንገል፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው እንስራ ሸክላ ነው። ከአዲስ አበባ ተጭና፣ ከጎሃ ጽዮን ወርዳ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግራ በደጀን ወጣች። ደብረ ማርቆስ ላይ ጭነቱን ስንፈታ እንስራው ደቅቋል። የመክፈቻው ቀን ተቃርቧል። አንዴ የተተኮሰ ሸክላ ደግሞ በጭቃ አይጠገንም። እኔ ሙጫ ፍለጋ ስሯሯጥ «ተወው ልጄ፣ አዲስ እንሠራልሃለን» አላችሁኝ። ስብርባሪውን ወቅጣችሁ ከአዲሱ አፈር ጋር ለወሳችሁት። የተወቀጠ ገል የገባበት ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ቶሎ አይሰነጠቅም። ፀሐይ እንዳያገኘው ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ሌሊት ሳይቀር እየተነሳችሁ አገላበጣችሁት። በእንጨትና በኩበት ተኩሳችሁ አስረከባችሁኝ። በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ እንደናንተ ያለ እጅ ግን አላየሁም።

የጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎች፣ ደንገሉን ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እርጥቡን ቢያስሩት ደርቆ ይላላል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ይሰበራል። ልኩን በእጃችሁ ዳሳችሁ ታውቁታላችሁ። መብራት እስኪመጣ እያመሻችሁ ፌሮውን የበየዳችሁልኝ የባሕር ዳር ልጆችም ኑሩልኝ።

የስደት ሥራ ከባድ ነው። ቀን ለቤት ኪራይ እየሠራሁ፣ ማታ ሰው የጣለውን ብረትና ጣውላ እየለቀምኩ ነው የጀመርኩት። መንገዱን የከፈቱልን ታላላቆቻችን ናቸው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከሠዓሊና ቀራፂ ከበደች ተክለአብ ጋር ለዋሽንግተኑ ኤምባሲያችን የሠሩትን የአሉሚኒየም ሥራ ሳይ፣ የሰው አገር ብረት የኛን ነገር መናገር እንደሚችል ገባኝ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል የኖረበት አገር ነው። በዚያው አፈር እኔ ሠዓሊ፣ ቀራፂ ተብዬ ይጨበጨብልኛል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው! ስለዚህ ከውሃ ቀጂዋ ግርጌ የሁላችሁም ስም ከስሜ እኩል ተጽፏል። ወደፊት በማሳያቸው ሥራዎችም አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ስም እንዲሁ ይጻፋል።

ውሃ ቀጂዋ ወደ አሜሪካ አትሄድም፤ እዚሁ እናንተ ዘንድ ትቀራለች። ጭነቱን በጥንቃቄ ላወረዳችሁ፣ ቤታችሁን ለከፈታችሁልን፣ እንጀራ ላቀረባችሁልን ሁሉ ውለታችሁን ከፋይ ያድርገኝ።

አክባሪ ልጃችሁ