አዳፕተር ሶኬቱን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም

ክቡር አዘጋጅ፦

የቴስላ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ለሌሎች ኩባንያዎች መኪኖች ስለመከፈታቸው ያወጣችሁትን ዘገባ እንደ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችሁ እኔም አንብቤዋለሁ። ዜናው በመሠረቱ እውነት ነው፤ በአሜሪካ ፎርድ በ2024 መጀመሪያ፣ ሃዩንዳይና ኪያ ደግሞ በ2025 ወደ ጣቢያዎቹ መግባት ጀምረዋል። ያናደደኝ መሃል ላይ የተቀመጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና አዳፕተር እስካለው ድረስ እንደ ቴስላ በ250 ኪሎዋት ቻርጅ ይደረጋል»። ኪሎዋት ማለት እዚህ ባትሪው የሚሞላበት ፍጥነት ነው። ይህ ስህተት ነው፤ ቀላል ስህተትም አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኡበርና ሊፍት እየነዳን ቤተሰብ የምናስተዳድር ኢትዮጵያውያን መኪና የምንገዛው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አምነን፣ ለስድስትና ለሰባት ዓመት የሚከፈል ብድር ፈርመን ነው።

አዳፕተር የሚያስማማው የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው። በየቦታው ተተክለው የምናያቸው የቴስላ ሦስተኛ ትውልድ ቻርጀሮች፣ ቪ3 የሚባሉት፣ ሊሰጡ የሚችሉት ትልቁ ቮልቴጅ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት፣ 500 ቮልት አካባቢ ነው። ይህ ባትሪያቸው 400 ቮልት ገደማ ለሆነው ለቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ በቂ ነው። እኔ የምነዳው የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ባትሪ ግን 700 ቮልት አካባቢ ነው፤ ኪያ ኢቪ6ም እንደዚሁ። ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁሉ የ500 ቮልት ማሽንም ለብቻው ይህን ባትሪ መሙላት አይችልም። ስለዚህ መኪናው የኋላ ሞተሩንና ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረውን መሣሪያ) ተጠቅሞ ቮልቱን ራሱ ከፍ ለማድረግ ይገደዳል፤ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ኃይል ደግሞ ልክ ስላለው፣ የጣቢያው አቅም 250 ኪሎዋት ቢሆንም ባትሪው ውስጥ የሚገባው ቢበዛ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ሃዩንዳይ ራሱ ይህን አልደበቀም፦ የ2025ቱ አዮኒክ 5 ባለ 84 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ10 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ በ350 ኪሎዋት ጣቢያ 20 ደቂቃ፣ በቴስላ ቪ3 ጣቢያ ግን 30 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅበት አስታውቋል። ይኸው መኪና ከፋብሪካው ሲወጣ የቴስላ ዓይነት ሶኬት ያለው መሆኑን ልብ በሉ። አዳፕተር እንኳ ሳያስፈልገው ነው የሚዘገየው!

ሉሲድ ኤር የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ደግሞ ከእኛም የባሰ ገጥሟቸዋል። በሚስማማው ጣቢያ 300 ኪሎዋት የሚወስድ መኪና ይዘው፣ በቪ3 ጣቢያ የሚያገኙት 50 ኪሎዋት ብቻ ነው። ዘገባችሁን አምኖ የመጣ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ተገትሮ ይቀራል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ «ቴስላ ሆን ብሎ እየቀነሰብን ነው» የሚሉ ጓደኞቼም ትክክል አይደሉም። የቴስላ የራሱ ሳይበርትራክ ባለ 800 ቮልት ነው፤ በቪ3 ጣቢያ ሲቆም ባትሪውን ለሁለት ከፍሎ እንደ 400 ቮልት ይሞላል፣ ስለዚህም ብዙ አይጎዳም። በተቃራኒው የቀድሞው ሸቭሮሌ ቦልት የትም ቢሰካ ከ55 ኪሎዋት ገደማ አያልፍም። ፍጥነቱን የሚወስነው ጣቢያው ሊሰጥ የሚችለውና መኪናው ሊቀበል የሚችለው ሲገናኙ ነው። ይህን በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ጋዜጠኛችሁ ግን ማንንም ሳይጠይቅ አንድ ቁጥር ለሁሉም ሰጠ።

እኔ መኪናውን ስገዛ ሻጩ የነገረኝ ቃል በቃል እናንተ የጻፋችሁትን ነው። አርብ ማታ፣ የኤርፖርት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ሰክቼ ስክሪኑን ሳይ 98 ኪሎዋት ይላል፤ ከአጠገቤ ቆይቶ የመጣው ቴስላ ሞልቶ ሲወጣ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነኝ። በዚያ ላይ የመኪናዬ መሰኪያ በኋላ በቀኝ በኩል ነው፤ የቪ3 ገመድ ደግሞ አጭርና ከኋላ በግራ ለሚሰኩ ቴስላዎች የተለካ ስለሆነ፣ ለመድረስ ስል የጎረቤቱን ቦታ ዘግቼ መቆም አለብኝ። መስኮት ዝቅ አድርጎ የሚሳደበውን ሰው ስድብ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ጥያቄው ስልኬ ላይ ደርሶ ለሌላ ሾፌር የሚተላለፈውም የእኔው መንገደኛ ነው። ወርኃዊ አባልነት ካልከፈልኩ በቀር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከቴስላ ባለቤቱ የበለጠ እከፍላለሁ። ከዚህ ሁሉ አንድም ነገር በዘገባችሁ ውስጥ የለም።

ሊኖርም አይችልም፤ ያነጋገራችኋቸው ሾፌሮች በሙሉ የቴስላ ባለቤቶች ናቸውና። አንድ የአዮኒክ ወይም የኪያ ሾፌር ማግኘት ይህን ያህል ከበዳችሁ? በደለስ ኤርፖርት የኡበር መጠበቂያ ቦታ ቆሞ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ስለ እኛ በተጻፈ ዜና እኛን አለመጠየቅ ቸልተኝነት ነው፤ ለማኅበረሰቡ እንደሚያገለግል በየገጹ የሚናገር ጋዜጣ ሲያደርገው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል።

«አዲሶቹ ረጃጅም ቻርጀሮች ችግሩን ፈትተዋል» የሚለው የዘገባችሁ ቃልም መታረም አለበት። ቪ4 የሚባሉት ምሰሶዎች ገመዳቸው ረጅም ስለሆነ የማቆሙን ጣጣ ያቀላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ የተያያዙት ለምሰሶዎቹ ኤሌክትሪክ ከሚያቀርበው ከአሮጌው የቪ3 የኃይል ሳጥን ጋር ነው፤ ቮልቱም ያው ነው። እስከ 1000 ቮልትና ለመኪና እስከ 500 ኪሎዋት የሚሰጠውን አዲስ ሳጥን ቴስላ ያስተዋወቀው በኅዳር 2024 ነው፤ ሥራ ላይ መዋል የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። ምሰሶውን በዓይን አይቶ ከየትኛው ሳጥን ጋር እንደተያያዘ ማወቅ አይቻልም። «ጊዜ ያለፈባቸው» ብላችሁ ያጣጣላችኋቸው የሌሎች ድርጅቶች ባለ 350 ኪሎዋት ጣቢያዎች ግን ከፍተኛውን ቮልቴጅ ስለሚሰጡ፣ ለእኛ መኪኖች እስካሁን ፈጣኖቹ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን እንዲወጣ፣ የትኛው መኪና በየትኛው ጣቢያ ስንት ኪሎዋት እንደሚወስድም ከአምራቾቹ ተጠይቆ እንዲታተም እጠይቃለሁ። እስከዚያው መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን «ይህ መኪና እንደ ቪ3 ባለ፣ ለ400 ቮልት መኪኖች በተሠራ ጣቢያ ስንት ኪሎዋት ይቀበላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኡበር ሾፌር፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ