የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር?

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ፦ የመኪና ሞተርን ጉልበት ለመጨመር ቱርቦ ይሻላል ወይስ ሱፐርቻርጀር? ሁለቱም ወደ ሞተር ተጨማሪ አየር የሚገፉ መሣሪያዎች ናቸው፤ ቱርቦ በሞተሩ ጭስ፣ ሱፐርቻርጀር ደግሞ በራሱ በሞተሩ ጉልበት ይዞራል። ጥያቄውን ያነሡት ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የአንዱ አባት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ያሽከረክራሉ፤ ልጁም ለቱርቦ ጥብቅና ቆመ። የሌላው አጎት ደግሞ ከኋላው «ኮምፕረሰር» (መርሴዲስ ሱፐርቻርጀርን የሚጠራበት ስም) የሚል ጽሑፍ ያለበት መርሴዲስ አላቸው፤ እርሱም ከሱፐርቻርጀር ወገን ሆነ። ክርክሩ ከክበቡ ሰዓት አልፎ በእረፍት ጊዜም ሲቀጥል፣ አባላቱ የዓመቱ ሥራችን ይኸው ይሁን ብለው ወሰኑ። ስለ መንገድ ደኅንነት ሳምንቱና ስለ ብስክሌት ጥገናው በግድግዳ ጋዜጣችን በየጊዜው ስለተጻፈ እዚህ አልመለስበትም።

ከመነሻው ብዙዎቹን ያሳሳታቸው፣ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከነዳጅ ብቻ ነው የሚለው እምነት ነበር። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ የሚቸግረው ነዳጁን የሚያቃጥለውን አየር ማግኘት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በወጉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ባለ 2 ሊትር፣ ባለ አራት ስትሮክ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚሞሉ፣ በራሱ አቅም ቢበዛ 3,000 ሊትር አየር ይስባል። ይህ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በከተማችን በአዳማ ያው 3,000 ሊትር 2.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በደቂቃ 240 ግራም ያህል ቤንዚን ማቃጠል የሚችለው ሞተር እዚህ 200 ግራም እንኳ አይሞላለትም። ስሌቱን ሰሌዳው ላይ የሠራችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገና ጠመኔውን ሳታስቀምጥ ከኋላ ወንበር «ታዲያ የቀረው ጉልበት የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ መጣ። የዓመቱ ሥራችን አቅጣጫ የያዘው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ መቀመጧን ተማሪዎቹ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ያውቃሉ። ነገሩ የገባቸው ግን በእጃቸው ሲለኩት ነው። በቤተ ሙከራ ውሃ አፍልተን ቴርሞሜትር ነከርንበት፤ ውሃው 100 ሳይደርስ በ95 ዲግሪ ገደማ ፈላ። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ስልክ ከፍተን ስናይ ደግሞ ወደ 830 ሄክቶፓስካል አሳየን፤ በባሕር ጠለል የተለመደው 1,013 ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወደ ደሴ ለመሄድ ጣርማበር ላይ የሚወጣ መኪና የሚያገኘው ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝቅ ይላል። ቱርቦና ሱፐርቻርጀር በምስል እንደምናያቸው የእሽቅድምድም መኪናዎች ጌጥ ብቻ አለመሆናቸው፣ ዳገት ለሚወጣ የእኛ አገር መኪና ሁሉ ጉዳይ መሆናቸው ግልጽ የሆነልን በዚህ ጊዜ ነው።

ታሪኩን ያጠናው ቡድን ጥሩ ነገር ይዞ መጣ። በዕድሜ ሱፐርቻርጀር ይቀድማል። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሩትስ የተባሉ ወንድማማቾች በ1860 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገቡለት አየር ገፊ መሣሪያ፣ በቤንዚን የሚሄድ መኪና ገና ሳይኖር፣ ለብረት ማቅለጫ ምድጃዎች አየር ለማቅረብ ያገለግል ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 አየርን በግድ ወደ ሞተር የማስገባትን ሐሳብ አስመዘገበ። በጭስ ኃይል የሚዞረውን ቱርቦ ያሰበው ደግሞ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው፤ ፓተንቱ የ1905 ነው። ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ የማረካቸው ግን የሳንፎርድ ሞስ ሙከራ ነበር። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የተባለ ተራራ አናት ላይ ወጣ። ተራራው ከራስ ደጀን ጥቂት የሚያንስ፣ ወደ 4,300 ሜትር የሚጠጋ ነው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦ አየር በሳሳበት ከፍታ ጉልበትን መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ መሆኑን ሰው በዓይኑ ያየው በተራራ ላይ ነው። እኛም የምንኖረው በተራራ አገር ነው።

ከንባቡ በኋላ ወደ ብረቱ ሄድን። በከተማችን የሚገኝ አንድ ጋራዥ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ የከባድ መኪና ቱርቦ በነፃ ሰጠን፤ የጋራዡ ባለሙያዎችም እንዴት እንደሚፈታ በትዕግሥት አሳዩን። ውስጡ ሲከፈት የሚታየው ነገር ከሚሠራው ሥራ ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነው፤ አንድ አጭር ዘንግ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሁለት ምላጫማ ጎማዎች። በአንዱ በኩል ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ጎማውን ይገፋል፤ በከተማችን ኮረብታ ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች ነፋስ ሲመታቸው እንደሚዞሩት ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ጎማ አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር ስቦ ይጨምቃል። በነዳጁ ውስጥ ካለው ኃይል ወደ አንድ ሦስተኛው ከጭሱ ጋር በማርሚታው የሚወጣ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሚሠራው ሊባክን በነበረ ኃይል ነው። ጭሱ በቱርቦው በኩል ለማለፍ ስለሚጨናነቅ ፒስቶኑ ጥቂት ተጨማሪ ድካም አለበት፤ ስለዚህ ጨርሶ በነፃ የሚገኝ ነው ማለት አይቻልም። ትናንሽ ቱርቦዎች በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ሊዞሩ እንደሚችሉ ስነግራቸው አላመኑኝም ነበር። ዘንጉ እንደ መኪና ጎማ በኩሽኔታ ላይ ሳይሆን፣ እኛ ባየነው ዓይነት በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ እንደሚዞር ሲያዩ ግን ፍጥነቱም የዘይቱ ነገርም አብሮ ገባቸው።

የሚፈታ ሱፐርቻርጀር በአዳማ ፈልገን አጣን። የተማሪው አጎት መርሴዲሱን ይዘው መጥተው ኮፈኑን ከፈቱልን፤ መሣሪያው ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ በቺንጋ ሲዞር አየን። ውስጡን ለማየት ግን ራሳችን መሥራት ነበረብን። አባላቱ በአንድ አናጺ እርዳታ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያላቸው ሁለት የእንጨት ተሽከርካሪዎች አበጁ፤ ከአሮጌ ማሽን የተነቀሉ ሁለት እኩል ጥርስ ያላቸው ማርሾች ገጥመውላቸው፣ ፊቱን በመስታወት ዘጉት። ከዚያ በአንድ በኩል ዕጣን አጭሰን እጀታውን ስናዞር፣ ጭሱ ሁላችንም እንደገመትነው በሁለቱ ተሽከርካሪዎች መካከል አላለፈም። ዙሪያውን፣ ከግድግዳው ጋር እየታከከ ሄደ። የሩትስ ዓይነቱ መሣሪያ አየሩን በሆዱ ውስጥ አይጨምቀውም፤ እየቆረሰ ወደ ሞተሩ በኩል ይገፋዋል፤ አየሩ የሚታመቀው እዚያ ሲጠራቀም ነው። ስለዚህም ከሌሎቹ ዓይነቶች ይልቅ አየሩን የበለጠ ያሞቀዋል። ይህ ሞዴል በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ነው። አሁን በፊዚክስ ቤተ ሙከራ መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ ዕጣን ይዞ የሚመጣ ሁሉ ሊሞክረው ይችላል።

ሙቀቱ ሁለቱንም የሚመለከት ጉዳይ ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። በ25 ዲግሪ የገባ አየር 1.5 እጥፍ ሲጨመቅ፣ በስሌታችን ከ70 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የሞቀ አየር ደግሞ መልሶ ይሳሳል። አየሩ ወደ ሞተር ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ኢንተርኩለር የሚባለው ማቀዝቀዣ የተፈለገው ለዚህ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ አውቶሞቢሎች አንዱ የሆነው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር በኢንተርኩለር ፋንታ የውሃና የአልኮል ድብልቅ ወደ አየሩ ይረጭ ነበር፤ ባለቤቶቹ ድብልቁን መሙላት እየዘነጉ ብዙ ችግር ፈጠረ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ ልግባ። የሱፐርቻርጀር ወገኖች ያቀረቡት ነጥብ ጠንካራ ነበር። ሱፐርቻርጀር ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር በቺንጋ የታሰረ ስለሆነ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ጉልበቱ ይመጣል። ቱርቦ ግን ጭሱ በርትቶ ጎማውን እስኪያፈጥነው ድረስ ትንሽ ያዘገያል። የቱርቦ ወገኖች በበኩላቸው ሱፐርቻርጀር የሚሰጠውን ጉልበት ከፊሉን ራሱ ከሞተሩ ወስዶ እንደሚበላ፣ ነዳጅም እንደሚያስወጣ አስረዱ። እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ አላዘነበለም። ያዘነበለው ከፍታው ሲገባበት ነው።

በጅቡቲ የአየሩ ግፊት 1 ባር (1,000 ሄክቶፓስካል) ነው እንበል፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ወደ 1.5 ባር ያሳድጉታል። ሱፐርቻርጀሩ የሚያበዛበት ልክ በቺንጋው መዘውር መጠን የተወሰነ ነው። ስለዚህ አዳማ ላይ 0.83 ባር ሲሰጡት 1.5 ጊዜ አብዝቶ ወደ 1.24 ያደርሰዋል። ከምንም ይሻላል፤ የከፍታውን ኪሳራ ግን ይዞት ይቀራል። ቱርቦ ላይ ትርፍ ጭስ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ቫልቩ በተራ ስፕሪንግ የሚሠራ ከሆነ፣ ከውጭው አየር በላይ ግማሽ ባር እስኪጨመር ስለሚጠብቅ 1.33 እናገኛለን። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከሆነ ግን ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ቱርቦው የበለጠ ፈጥኖ ይዞራል፤ 1.5 ባሩም እንዳለ ይገኛል። 1.24፣ 1.33፣ 1.5፦ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከብዙ የቃል ክርክር በልጠው ልጆቹን አስማሙ። የቱርቦውም አቅም ወሰን አለው፤ በጣም ከፍ ሲባል ፍጥነቱ ከልኩ እንዳያልፍ መሐንዲሶች የሞተሩን ጉልበት ይቀንሱበታል። እኔም ሚዛኔን ልናገር፦ በቆላ ለሚነዳ ቀልጣፋ አውቶሞቢል ሱፐርቻርጀርን አልንቅም፤ ከመተሐራ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ ሞጆና አዲስ አበባ ጭነት ይዞ ለሚወጣ የናፍጣ መኪና ግን ቱርቦ ያለ ጥርጥር ይሻላል። የቱርቦው ተሟጋች ተማሪ እንዳለው ማሸነፍና መሸነፍ የሚወሰነው በሜትር ነው።

የዚሁ ተማሪ አባት፣ የከባድ መኪና አሽከርካሪው፣ በክበባችን ተገኝተው የሰጡት ትምህርት ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ረጅም ዳገት ወጥተው ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው እንደማያጠፉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት እንዲዞር እንደሚተዉት ነገሩን። ምክንያቱን አባላቱ ራሳቸው መለሱላቸው፦ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፍሰት ይቆማል፤ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ይከስላል፤ ከሰሉም የዘይቱን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ስለ አየር ፊልትሮም አጥብቀው አሳሰቡን። በአዳማ ነፋስና አቧራ የተቀደደ ፊልትሮ ይዞ መሄድ፣ በዚያ ፍጥነት በሚዞረው ጎማ ላይ አሸዋ መርጨት ነው። በፈታነው ቱርቦ ላይ የምላጮቹ ጠርዝ ተበልቶ አይተነው ስለነበር ማንም ተጨማሪ ማስረጃ አልጠየቀም። እኚህን አባት ክበቡ ከልብ ያመሰግናል።

በዓመቱ መጨረሻ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ መልስ የሚገባው ጥያቄ አነሣች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ፣ እኛ ይህን ለምን እንማራለን? እውነት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጣርማበርም ሆነ ጅቡቲ ጉልበቱ በከፍታ ምክንያት አይጎድልም። ይህን ራሷ ተናግራ ሁላችንንም አስደነቀችን። ነገር ግን የአገራችን የወጪና ገቢ ጭነት ዛሬም በአብዛኛው የሚመላለሰው በናፍጣ መኪናዎች ነው፤ እነርሱን የሚጠግኑና የሚያሽከረክሩ እጆች ለብዙ ዓመታት ይፈለጋሉ። ሁለቱ ቴክኖሎጂዎችም ተገናኝተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው አውዲ ኤስኪው7 ከሁለት ቱርቦዎች ሌላ በኤሌክትሪክ የሚዞር መጭመቂያ ጨምሮ የቱርቦን መዘግየት በእጅጉ ቀንሷል። ይህን የሰማው የሱፐርቻርጀሩ ተሟጋች ከሞዴሉ ላይ እጀታውን አንሥቶ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለመግጠም ፈቃድ ጠይቋል፤ ፈቅጄለታለሁ።

በ2018 ዓ.ም. የስልኩን ግፊት መለኪያ ይዘን ከአዋሽ ሰባት እስከ አዳማ ባለው መንገድ በየከተማው ልንለካ፣ ውጤቱንም በሰንጠረዥ አዘጋጅተን ለጋራዡ ባለሙያዎች ልናቀርብ አቅደናል። ለዚህ ጉዞ የወላጆች ፈቃድና የትምህርት ቤቱ መኪና ያስፈልገናል። ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ሱፐርቻርጀር ወይም ኢንተርኩለር ያለው ወላጅ ለክበቡ ቢሰጠን ፈትተን አጥንተን ከቱርቦው ጎን እናስቀምጠዋለን። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ይጀምራል፤ ዘንድሮ ከአባላቱ ጥቂቶቹ ብቻ ሴቶች ስለነበሩ ለእነርሱ ቅድሚያ እንሰጣለን።