መነጽሩን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ሸዋ ሮቢት

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ችዬ አለሁ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! ናፍቆትህ ግን አንድ ቀን አልለቀቀኝም።

የአክስትህን ልጅ ገበያ አግኝቻት ነበር። ማታ ማታ ግንባርህን እንደሚወጋህ፣ ዓይንህም እንደሚያለቅስ ነገረችኝ። መነጽር ልትገዛ ነው አሉ። ጽሕፈት ቤትህ ውስጥ ያለው ሞኒተር አሁንም ያ ጀርባው የገዘፈው ባለ 15 ኢንች መሆኑን ስሰማ ግን ወዲያው እሱን ጠረጠርኩ። ሐኪም ዘንድ መሄዱን ሂድ። እስከዚያው ስክሪኑን እንየው።

የዚህ ዓይነት ሞኒተር ብርሃኑ በርቶ አይቆይም። ከኋላ የሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር መስታወቱ ላይ የተቀባውን ፎስፈር፣ ጨረር ሲነካው የሚበራውን ቅብ፣ በመስመር በመስመር እየነካ ያበራዋል። የተነካው ወዲያው ይደበዝዛል፤ ጨረሩም ተመልሶ ከላይ ይጀምራል። ይህ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደገም የሚነግርህ ሪፍሬሽ ሬት ነው፤ የሚለካውም በሄርዝ ነው። 60 ላይ ከሆነ በተለይ ነጭ ገጽ ሲከፈት ይርገበገባል። አንተ ደግሞ ውለህ የምታድረው ነጭ ገጽ ላይ ነው! 75 ይሻላል። 85 ላይ አብዛኛው ሰው መርገብገቡ አይታየውም።

ለማረጋገጥ ስክሪኑን ፊት ለፊት አትየው። ከጎኑ ያለውን ግድግዳ እያየህ በዓይንህ ጠርዝ ተከታተለው። ብልጭ ድርግም ማለቱን ከመሃል ይልቅ የዓይን ጠርዝ ቶሎ ይይዘዋል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ የጫንከው፣ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ሞኒተር እያልክ ግባ። እዚያ 85ን ምረጥ። ከሌለ ሬዞሉሽኑን፣ ማለትም ስክሪኑ በወርድና በቁመት የሚያሳየውን የነጥብ ብዛት፣ ከ1024 በ768 ወደ 800 በ600 አውርደው፤ ሁለተኛው ቁጥር የመስመሩ ብዛት ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሞኒተሩ በሴኮንድ የሚሥለው መስመር ልክ አለው። 768 መስመር 85 ጊዜ መሣል ለትንሽ ሞኒተር ሊከብደው ይችላል፤ 600 ሲሆን ግን ብዙዎቹ ይችሉታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ገጽ ትንሽ ያንስብሃል። ፊደሉ ግን ይተልቅልሃል፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» ለመለየት ማፍጠጥም ይቀርልሃል። እኔ ብሆን ሳላቅማማ ይህን ነው የምመርጠው።

እዚያው ሞኒተር የሚለው ገጽ ላይ ያለውን፣ ሞኒተሩ የማይችላቸውን ቁጥሮች የሚደብቀውን ምልክት ግን እባክህ አታንሳ። ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ስክሪኑ ይጠፋል፤ የድሮዎቹ ሊበላሹም ይችላሉ። ድንገት ቢጠፋብህ ምንም ሳትነካ ጠብቅ፤ ኤክስፒ ከ15 ሴኮንድ በኋላ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ጠፍጣፋ ሞኒተር ካገኘህ 60 ይበቃዋል። የእሱ ምስል በየዙሩ አይደበዝዝም። ሬዞሉሽኑን ብቻ ከተሠራበት ልክ አታውርደው፤ ፊደሉ ይደበዝዝብሃል።

አሁን ስንት ሄርዝ ላይ እንዳለ፣ ከጀርባው የተጻፈውንም ሞዴል ገልብጠህ ላክልኝ። ለጥምቀት ወደዚያ ስወርድ አብረን እናስተካክለዋለን። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን