ብቻውን በሞተር ወደ ባድላንድስ ለሚሄድ፦ ሁለት ምክሮች ይታረሙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ከሱ ፎልስ ተነስቶ የባድላንድስን ብሔራዊ ፓርክና የብላክ ሂልስን ተራሮች ብቻውን በሞተር ሳይክል ለሚዞር አንባቢ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። መንገዱ ደጃችን ላይ እያለ በአማርኛ የጻፈበት ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ከምክሮቹ ሁለቱ ሰው ያስጎዳሉ። አንደኛው ሙቀቱን ለማምለጥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መነሳት ይሻላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ባይሰኖቹ (የአሜሪካ ጎሾች) ሰው ስለለመዱ ጠጋ ብሎ ፎቶ ማንሳት ይቻላል የሚለው ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። አጋዘን ከጫካ ወጥቶ መንገድ የሚያቋርጠው በብዛት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልና ሊነጋጋ ሲል ነው። ሀይዌይ 90 ላይ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 80 ማይል ነው፤ ይህ በሴኮንድ 36 ሜትር ማለት ነው። ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 54 ሜትር ሄዷል። ደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ ፍሬን ቢይዝ እንኳ እስኪቆም ሌላ 80 ሜትር ይፈልጋል። የአብዛኛው ሞተር አጭር መብራት ግን በደንብ የሚያሳየው 60 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በዚያ ፍጥነት አጋዘኑ ሲታይ ነገሩ አብቅቷል። በ45 ማይል ሲሆን ጠቅላላው ርቀት 56 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን መብራቱ ይበቃል፤ ለዚህ ነው የመሸበት ሰው ከዚያ በላይ መንዳት የሌለበት። አንድ አጋዘን ካለፈ ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ይከተላል፤ ፍጥነት የሚጨመረው የመንገዱ ዳር ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። መሸሽ የማይቻል ሲሆን መሪ ከመጠምዘዝ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ በሁለቱም ፍሬን ፍጥነትን መቀነስ ይሻላል።

ትክክለኛው ሰዓት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መነሳት፣ እስከ እኩለ ቀን የቀኑን ርቀት መጨረስ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይዞ ማረፍ ነው። ከሙርዶ ከተማ በስተ ምዕራብ ሰዓት ወደ ኋላ አንድ እንደሚቀነስ መዘንጋት የለበትም። ሲሄዱ አንድ ሰዓት ይገኛል፤ ሲመለሱ ግን ይጎድላል፣ ጨለማ ላይ የሚጥለውም የመመለሻው ቀን ነው።

ባይሰን ሰው አልለመደም፤ ሰውን ችላ ማለት ነው የለመደው። ወንዱ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፣ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ለምሳሌ በሰሜን ዳኮታ ባለው የቴዎዶር ሩዝቬልት ፓርክ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ርቀት 25 ያርድ ነው፤ በር እንኳ የሌለው ሞተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን 100 ያርድ ብዬ ብመክር አላጋነንኩም። ጁላይና ኦገስት ወንዶቹ ለሴት የሚዋጉበት ወቅት ነው፤ ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እናቶቹ ጥጃ ይዘዋል። ጅራቱ ወርዶ ዝንብ የሚከላከል ከሆነ እንስሳው ተረጋግቷል። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ከተነሳ፣ መሬት ከጫረ፣ ራሱን ከነቀነቀ ግን ከዚያ በኋላ ፎቶ የለም።

መንጋ መንገድ ላይ ሲገኝ ዋናው ነገር የሚቆምበት ቦታ ነው። ብቻውን የሆነ ሰው 250 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ቁልቁል በሚወርድ ኮረኮንች ላይ ማዞር አይችልም፤ ቢሞክር ሞተሩን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መንጋው ከሩቅ እንደታየ፣ ገና ሳይቀርቡት፣ ሰፋ ያለና ደልዳላ ቦታ መርጦ መቆም ያስፈልጋል። ሞተሩ አይጠፋም፤ አንደኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ተይዞ ይጠበቃል። ጥሩንባ አይነፋም፣ ጋዝ አይሰጥም፤ ድምፁ ጥጃ ያላትን እናት ያስቆጣል። ከኋላ መኪና ከመጣ እሱን አስቀድሞ ከኋላው ተጠግቶ ማለፍ ይቻላል፤ መንጋው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ የሰጠ ቢመስልም ብቻን መሃል መግባት ግን በፍጹም አይገባም። እንስሳው ከመጣና ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩን ጥሎ ከመኪና ኋላ መሸሸግ ነው። ሞተር ይተካል።

ጽሑፋችሁ ውስጥ የቀረው ትልቁ ነገር ጭቃው ነው። ከሀይዌይ 90 በመውጫ 131 ባድላንድስ ገብቶ በዎል ከተማ በኩል በመውጫ 110 የሚወጣው መንገድ 240 አስፋልት ስለሆነ ችግር የለበትም። በስተ ምዕራብ የሚቀጥለው የሴጅ ክሪክ ሪም መንገድ ግን ኮረኮንች ነው፤ ባይሰኑም፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው ትንሹ እንስሳ ፕሬሪ ዶጉም በብዛት የሚታየው እዚያ ስለሆነ ሁሉም መግባት ይፈልጋል። የአካባቢው አፈር ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አለበት፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። የበቾን ዋልካ በክረምት የረገጠ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና የፊት ጎማው መዞሩን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ጋዝ መጨመር ፍሪሲዮን ከማቃጠል በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ቆሞ በእንጨት ወይም በጎማ ማውለቂያ ብረት መፈልፈል፣ ከዚያም ፀሐይ እስክታደርቀው መጠበቅ ነው፤ ላዩ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ሌሊቱን ከዘነበ ወይም በምዕራብ በኩል ደመና ከጠቆረ ሴጅ ክሪክ አይገባም። እዚያ ያለው የድንኳን ሰፈር ነፃ ነው፣ ውሃ ግን የለውም፤ ማታ ዝናብ ከጣለ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ከዚያ መውጣት አይቻልም። ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚሆን ውሃና ምግብ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የወደቀ ሞተር ብቻን ማንሳት ዘዴ አለው። መጀመሪያ ቁልፉን ማጥፋት፣ እንዳይንከባለል አንደኛ ማርሽ ማስገባት። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ከመነሳቱ በፊት መቆሚያውን መዘርጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሌላ በኩል ይደገማል። ሻንጣው ይፈታ። ከዚያ ጀርባን ለወንበሩ ሰጥቶ፣ መሪውን ወደ መሬት ጥምዝዝ አድርጎ በአንድ እጅ፣ ከኋላ ጠንካራ ብረት በሌላው እጅ ይዞ፣ በወገብ ሳይሆን በእግር እየገፉ ወደ ኋላ ትንንሽ እርምጃ መራመድ ነው። የመቆሚያው እግር በሸክላውም በጋለ አስፋልትም ይሰምጣል፤ ከሥሩ የሚደረግ የተጨፈለቀ ጣሳ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ነዳጅ ሀይዌይ 90 ላይ አያሳስብም፤ ቼምበርሊን፣ ሙርዶ፣ ካዶካና ዎል አንዱ ከሚቀጥለው ከ75 ማይል በላይ አይርቅም። ችግሩ ከሀይዌዩ ሲወጣ ነው፣ ለምሳሌ ከኢንቲሪየር ከተማ በመንገድ 44 ወደ ራፒድ ሲቲ 70 ማይል ገደማ ሲሄድ። ሰልባትዮው 3.5 ጋሎን የሚይዝ፣ በጋሎን 45 ማይል የሚሄድ ሞተር በወረቀት ላይ 157 ማይል ይሄዳል። በዚህ ሜዳ የምዕራብ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታ ከዚህ ሃያ በመቶ መጉደሉ ስለማይደንቅ ቀሪው 126 ነው። ለመጠባበቂያ 20 ማይል ሲቀነስ 100 ማይል ላይ መሙላት ግድ ይሆናል።

ያው ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለው። መሪውን አጥብቆ መያዝ ሞተሩን ያወዛውዘዋል፤ እጅን ላላ አድርጎ ሞተሩን ወደ ነፋሱ ትንሽ ማዘንበል፣ ቀኝ መስመር ይዞ ወደ 60 ማይል መውረድ ነው መፍትሔው። ረጅም የጭነት መኪና ሲታለፍ ነፋሱ ድንገት ይቆምና መኪናው እንዳለቀ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል። ከወንበር በላይ የተቆለለ ሻንጣ ይህን ያባብሰዋል፤ ከባዱ ዕቃ በጎን ሻንጣዎች ውስጥ ከታች ይሁን።

በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነጎድጓድ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ ወደ ባድላንድስ የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ይገናኘዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2010 ሀይዌይ 90 ዳር ባለችው ቪቪያን ከተማ የወደቀው በረዶ ዲያሜትሩ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ነበር። በደቡብ ዳኮታ ሕግ ሄልሜት የሚገደደው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ብቻ መሆኑን ሰምተው ያለ ሄልሜት ለሚሄዱ ይህን አንድ ቁጥር መንገር ይበቃል። ደመናው ሲጠቁር ወደ ኋላ ተመልሶ የነዳጅ ማደያ ጣራ ሥር መግባት ያዋጣል። ከድልድይ ሥር መቆም ከኋላ ለሚመጣ መኪና መጋለጥ ነው፤ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መጠለልም ጎርፍ ይጠራል።

ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ሲያልፍ የወንፊት ጃኬት ከፍቶ መንዳት ያቀዘቅዛል የሚለው ልማድ አይሠራም። አየሩ ከቆዳ በላይ ስለሚሞቅ ነፋሱ ላብን አድርቆ ሰውነትን ያግለዋል። ከውስጥ የራሰ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ጥቂት ብቻ የተከፈተ ጃኬት ይሻላል፤ ውሃው በቀን ከአራት ሊትር አይነስ።

ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት ይልካሉ፤ ግን ሰማይ መታየት አለበት፣ ገደል ሥር አይሆንም። የጎማ መጠገኛውም እንደ ጎማው ነው፦ ካላማዳሪያ የሌለው ከሆነ መሰኪያና ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ ባለ ስፖክ ቸርኬ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ካላማዳሪያና ማውለቂያ ብረት መያዝ አለበት። ለፎቶ ሲቆም ሞተሩን ረጅም ደረቅ ሣር ላይ ማቆም የጋለ ማርሚታ እሳት እንዲያስነሳ መፍቀድ ነው። ባድላንድስ ውስጥ እንጨት ማንደድም ክልክል ስለሆነ ቡናውን የሚፈልግ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይያዝ። የፕሬሪ ዶግ ጉድጓዶች አካባቢ በነጠላ ጫማ መሄድ አይመከርም፤ ራትል ስኔክ የተባለው መርዘኛ እባብ ጉድጓዶቹን ይጠቀምባቸዋል፣ የፕሬሪ ዶጉ ቁንጫም ፕሌግ የተባለ ከባድ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ወቅትን በተመለከተ ጽሑፋችሁ ኦገስትን መርጧል። በኦገስት መጀመሪያ የስተርጂስ የሞተር ሳይክል ስብሰባ ስለሚካሄድ ብላክ ሂልስ ውስጥ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ይወደዳል። የሴፕቴምበር ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ይሻላል፤ ሙቀቱም ነጎድጓዱም ይቀንሳል። 18 ማይል የሚሆነውን የዱር አራዊት መንገድ ለማየት ወደ ከስተር ፓርክ የሚሄድ ሰው ፓርኩ የስቴቱ ስለሆነ የፌዴራሉ ዓመታዊ ካርድ እንደማይሠራለት ይወቅ። እዚያ ባይሰኖቹ ተነድተው የሚሰበሰቡበት ቀን የሚውለው በሴፕቴምበር የመጨረሻ ዓርብ ነው፤ ያን ሰሞን መንገዱ በሰው ስለሚጨናነቅ ለብቸኛ ነጂ አልመክረውም።

ስለ መነሻ ሰዓቱና ስለ ባይሰኑ ርቀት የተጻፉት ሁለቱ ምክሮች በሚቀጥለው እትም፣ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ እንዲታረሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ