ጣሪያው ለተናደበት የህንድ ሸክላ ክፍላችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም የምትኖሩ የድሮ የህንድ ዘፈን ወዳጆች፤

በነሐሴ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ከዚራ ያለውን የሸክላ ክፍላችንን ጣሪያ እንዳፈረሰው አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ወራጁን ምስጥ በልቶት ኖሮ ቆርቆሮው ከነማገሩ በእንጨት መደርደሪያው ላይ ወረደ። ሌሊት ስለነበር ማንም አልደረሰም፤ ውሃው በሸክላዎቹና በዘፈን መጽሔቶቹ ላይ ሲፈስ አደረ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሸራ ተሸፍኖ ይገኛል። ለአዲሱ ጣሪያ የሚያስፈልገን 340 ሺህ ብር ሲሆን፣ መዋጮው 118 ሺህ ላይ ደርሶ ቆሟል። ሰው በኑሮ ውድነት እንደተያዘ እናውቃለን። እኛም ደክሞናል። ቢሆንም ሸራው የበልግን ዝናብ እንደማይችል ስለምናውቅ ዝም ማለት አልቻልንም።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘውና የኮሚቴው ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ይገኛል። ሰብሳቢውን ጨምሮ በማንም ግለሰብ ስም እንዳታስገቡ አደራ እንላለን።

«የህንድ ዘፈን በየስልኩ ሞልቶ የለም ወይ? ለአሮጌ ሸክላ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?» ብለው የጠየቁን ወንድሞችና እህቶች አሉ። በቅንነት የተጠየቀ ስለሆነ በዝርዝር እንመልሳለን። በየስልኩ የሚገኘው በአብዛኛው ከ1950ዎቹ ወዲህ ያለው ነው፤ የህንድን ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። የእኛ ክፍል የያዘው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን፣ የህንድ ሲኒማ ገና አፉን የፈታበትን ዘመን ነው።

የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የህንድ ፊልም «አላም አራ» ነው። አርዴሺር ኢራኒ ሠርቶት ማርች 14 ቀን 1931 በቦምቤይ ማጀስቲክ ሲኒማ ታየ። ሰባት ዘፈኖች ነበሩት። ስቱዲዮው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበር ድምፅ እንዳይበላሽ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ባቡሩ ጋብ ሲል ነበር የሚቀርጹት፤ በባቡር ፊሽካ ላደገ የድሬ ልጅ ይህን ማስረዳት አያሻም። ዛሬ የዚያ ፊልም አንድም ቅጂ የለም፤ ዘፈኖቹም በሸክላ አልወጡም። በሚቀጥለው ዓመት የተሠራው «ኢንድራ ሳባ» ደግሞ ሰባ ያህል ዘፈኖች እንደነበሩት ተመዝግቧል። ከእነዚያ ስንቱን ሰምታችኋል?

ፊልሞቹ የጠፉበት ምክንያት ብዙ ነው። ያን ጊዜ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት የተባለው ነገር በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ብዙው ተቃጠለ፣ ብዙው በሙቀት ተበላሸ፣ ብዙውን ደግሞ በላዩ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ሲሉ አቀለጡት። ህንድ በፑኔ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት ያቋቋመችው በ1964 ነበር፤ ያን ጊዜ የጠፋው ጠፍቷል። ከተሰበሰበውም የናይትሬት ክምችት ብዙው በ2003 በዚያው በፑኔ በተነሣ እሳት ወደመ። ስለዚህ ለብዙዎቹ የ1930ዎቹ ፊልሞች የቀረላቸው ምስክር ሸክላውና በሲኒማው በር ላይ ይሸጥ የነበረው ቀጭን የዘፈን መጽሔት ብቻ ነው።

ሁለቱ የግድ አንድ ላይ መኖር አለባቸው። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሆኖ በአንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ስለሚይዝ ዘፈኑ እየተቆረጠ ነበር የሚቀረጸው። የተቆረጠው ስንኝ ያለው መጽሔቱ ላይ ነው። በሸክላው ወረቀት ላይም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ሳይሆን በፊልሙ ውስጥ ያለው የገጸ ባሕርይ ስም ነበር። በ1949 «ማሃል» በተባለው ፊልም ዝነኛዋ ዘፋኝ ላታ ማንጌሽካር የዘፈነችው እውቅ ዘፈን እንኳን መጀመሪያ ሲታተም የተጻፈበት «ካሚኒ» የሚለው የተዋናይዋ የፊልም ስም ነው። ላታ እንዲህ ከሆነች፣ ከእርሷ በፊት የነበሩት ስንቶቹ ያለ ስም እንደቀሩ ገምቱ።

እስካሁን ምን እንደሠራን የሚጠይቅም አለ። ክምችቱ ድሮ ከቦምቤይ በኤደንና በጅቡቲ አድርጎ በባቡር ከመጣው ጭነት ጋር የገባ፣ በህንድ ነጋዴዎችና በኋላም በህንድ መምህራን ቤት የነበረ ነው። ከተማውን ለቀው ሲሄዱ ለጎረቤት እየተዉት ሄዱ። ይህን ሁሉ ከየጓዳው ሰብስበን፣ አጥበን፣ ቁጥር ሰጥተን፣ ከግማሽ በላዩን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠናል። ኒው ቲያተርስ የተባለውን የካልካታ ፊልም ቤት ሸክላዎች፣ የፓንካጅ ማሊክንና የካናን ዴቪን ድምፅ፣ የኬ. ኤል. ሳይጋልን ቀደምት ዘፈኖች ዛሬ ማንም መጥቶ መስማት ይችላል። በህንድ ሕግ የድምፅ ቅጂ መብት 60 ዓመት ነው፤ በዚያ ዘመን ለተቀረጹት ድምፆች ጊዜው አልፏልና ለሁሉም በነፃ እናሰማለን።

አንዱን ሸክላ ብቻ እንንገራችሁ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት በጣት ብዛት ተፍቆ ነጭ ሆኗል፤ የቀረው ቀይ ቀለም ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ከወረቀቱ ውጭ ባለው ለስላሳ ቀለበት ላይ ግን ፋብሪካው የጫረው ቁጥር አለ፤ በባትሪ ብርሃን አዘንብሎ ላየው ይነበባል። ቁጥሩ ዘመኑን ጠቆመን። ሂንዲ የሚያነቡ አዛውንታችን የመጀመሪያውን ስንኝ እየሰሙ ጻፉት፤ ከዚያ መጽሔቶቹን አንድ በአንድ ገልጠን ስንኙን አገኘነው። ካንፑር ያሉት ሐርማንዲር ሲንግ ሐምራዝ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ካዘጋጁት የፊልም ዘፈኖች መዝገብ ጋር ስናመሳክረው ቦምቤይ ቶኪስ የተባለው ፊልም ቤት ሥራ፣ ዜማውም የሳራስዋቲ ዴቪ ሆኖ ተገኘ። እኒህ ሴት በህንድ ሲኒማ ከመጀመሪያዎቹ ሴት የዜማ ደራሲዎች አንዷ ናቸው። የትውልድ ስማቸው ኮርሼድ ነበር፤ ፓርሲ (ከፋርስ ወደ ህንድ የገቡ የዞራስተር እምነት ተከታዮች ወገን) ናቸውና ማኅበረሰባቸው ሴት ልጅ ፊልም ቤት መግባቷን ስለተቃወመ በሌላ ስም ሠሩ። ያ መጽሔት በነሐሴው ዝናብ ከራሱ ገጾች ጋር ተጣብቋል። እየደረቀ ነው፤ በመምጠጫ ወረቀት ገጽ በገጽ እየለየነው ነው።

ወደ ወጪው እንምጣ። «ማሽን ከምትገዙ ጣሪያውን ቀድማችሁ ባደሳችሁት ነበር» የሚል ቅሬታ ተደጋግሞ ደርሶናል። የኪራይ ውሉ የጣሪያ እድሳት የአከራዩ ኃላፊነት መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ ደጋግመን በጽሑፍ ጠይቀን መልስ አላገኘንም። የደብዳቤዎቹ ቅጂዎች በመዝገባችን አሉ፤ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ናቸው። ማጫወቻውን የገዛነው ደግሞ ያለ እርሱ ሥራው ስለማይሠራ ነው። የ78 ዙር ሸክላ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ ለኋለኛው ዘመን ሸክላ የተሠራው ቀጭን መርፌ ከመስመሩ ሥር ገብቶ ጩኸት ብቻ ያወጣል። አሮጌው ግራሞፎን ደግሞ በተጫወተ ቁጥር ሸክላውን ይፍቀዋል። የብረት ቁምሳጥኖቹም ብክነት ናቸው ተብሎ ነበር። ጣሪያው ሲወርድ በውስጣቸው ያለው ሁሉ ተርፏል። የተጎዳው በእንጨቱ መደርደሪያ ላይ የነበረው ነው። ለኮሚቴ አባል አበል፣ ለትራንስፖርትም ሆነ ለቡና አንድ ብር አልወጣም። ሒሳቡን በየዓመቱ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ኦዲተር ይመረምረዋል።

ሙያ ያላችሁም እርዱን። አናጢ፣ ቆርቆሮ መቺ፣ ወራጅና ማገር በዓይነት የሚሰጥ ካለ ዋጋው ከ340 ሺህ ብሩ ላይ ይቀነሳል። በየቤታችሁ ሸክላ ያላችሁ ደግሞ በአልኮል እንዳትወለውሉት። የተሠራበት ሙጫ በህንድ ዛፎች ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚገኝ ሲሆን አልኮል ያሟሟዋል። እንደ ምጣድ ይሰነጠቃልና ደራርባችሁ አታስተኙት፤ አቁሙት፤ ከድሬ ፀሐይም አርቁት።

ከዚያ ከጠፋው ፊልም «አላም አራ» ውስጥ ዋዚር መሐመድ ኻን የዘፈነው ዘፈን፣ የህንድ ሲኒማ የመጀመሪያ ዘፈን የሚባለው፣ የአንድ ፈቂር ልመና ነው፤ መስጠት የሚችል በፈጣሪ ስም ይስጥ ይላል። እኛም በዚያው ስም እንለምናለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ ከተማ አደራ በልቶ አያውቅም። እነዚያ ቤተሰቦች ሸክላቸውን ለጎረቤት ሲተዉ አደራ ብለው ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን ናቸው።

በጅዳ፣ በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ያላችሁ ወገኖቻችን በመካከላችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ አዋጡና በአንድ ጊዜ ላኩልን፤ የመላኪያው ክፍያ እንዳይበዛባችሁ ነው። የላኩትን ሰዎች ስም ዝርዝር አብራችሁ ብትልኩ ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰኝ እንቆርጣለን።

ጣሪያው የበልግ ዝናብ ሳይጀምር መመታት ስላለበት መዋጮው እስከ ጥር መጨረሻ እንዲጠናቀቅ እንለምናለን። ደግመን እንናገራለን፦ ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር ባለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ነው፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለሸክላ ክፍል ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ከሒሳቡ ወጪ የሚደረገው በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዡና በጸሐፊው ሦስት ፊርማ ነው። ቁጥሩን ከሌላ ሰው በቃል ከሰማችሁት ከወረቀቱ ጋር ሳታመሳክሩ አታስገቡ። የሰጪዎች ስምና መጠን በየወሩ መጨረሻ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል፤ ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ሰው አስቀድሞ ይንገረን። የባንክ ማስገቢያ ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ አስገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእኛ ደረሰኝ ያልደረሰው ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ገንዘብ ያዣችን ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሚቴው ጸሐፊ፣ በኮሚቴው አባላት ሁሉ ስም