«የለም»ን ቁጠሩልን፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለክልሉ ገንዘብ ቢሮ፣ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ታካሚዎች በጤና ጣቢያ በጀትና በመድኃኒት ግዥ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ስለመጠየቅ

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

በጤና ጣቢያ ፋርማሲ መስኮት ላይ በቀን ደጋግሞ የሚሰማ ቃል ቢኖር «የለም» ነው። ታካሚው ማዘዣውን በመስኮቱ ያስገባል፤ ባለሙያዋ መደርደሪያውን አየት አድርጋ «ይሄኛው አለ፣ ይሄኛው የለም፣ ከውጭ ግዙት» ትልና ማዘዣውን ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ነገር የለም። የመድኃኒቱ ክምችት የሚጻፍበት ቢን ካርድ የገባውንና የወጣውን እንጂ ተፈልጎ የታጣውን አይመዘግብም። የምንጽፍልዎት ስለዚህ ሳይመዘገብ ስለሚቀር ቃልና እሱ ስለሚያስከትለው የገንዘብ ጣጣ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ጤና ጣቢያ በቀን አንድ አንድ አምሎዲፒን የሚወስዱ 120 የደም ግፊት ታካሚዎች አሉት እንበል። በወር 3,600 ፍሬ፣ በሁለት ወር 7,200 ፍሬ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ መድኃኒቱ ለ20 ቀን ቢያልቅ፣ በቀሩት 40 ቀናት የሚወጣው 4,800 ፍሬ ነው። የሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሲሞላ ያለቀባቸው ቀናት ካልተሰሉ የወር ፍጆታው 2,400 ሆኖ ይመዘገባል። ጣቢያው የሚይዘው ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር ስለሆነ፣ መጋዘኑ ባዶ ቢሆን የሚጠይቀው 9,600 ፍሬ ይሆናል። በትክክል ቢሰላ ግን 4,800 ለ40 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 3,600 ነው፤ የአራት ወሩ ደግሞ 14,400። ልዩነቱ 4,800 ፍሬ ሲሆን ለ120ዎቹ ታካሚዎች የ40 ቀን መድኃኒት ነው። ያለፈው እጥረት የሚቀጥለውን ይወልዳል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ፍላጎት የቀነሰ ይመስላል። ቢሮው ደግሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

መድኃኒቱ የትኞቹን ቀናት እንዳልነበረ ከማንም በላይ የሚያውቀው ታካሚው ነው፤ የሄደበትን ቀን፣ የተመለሰበትን ቀን፣ ከግል ፋርማሲ ስንት ብር እንደገዛው ሳይቀር ይነግርዎታል። የሚጠይቀው ግን የለም።

የገንዘቡ ጭንቅ ከየት እንደመጣ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው እንደማርዳት ነው። ቢሆንም ደብዳቤው ለሕዝብም ስለሆነ ባጭሩ እንጥቀሰው። ከወረዳና ከከተማ በጀት ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ቀጭን ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና የላብራቶሪ ኬሚካል ዋጋው ሌላ ሆኗል። በሐምሌ የጸደቀ 200,000 ብር፣ የዕቃው ዋጋ በዓመቱ መካከል በ30 በመቶ ቢጨምር፣ ቀድሞ በ154,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው የሚያመጣው። በጥር 2017 የአሜሪካ የልማት ዕርዳታ ሲቆም ደግሞ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ወባው በዚህ ላይ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። የወባው መድኃኒት በፕሮግራም፣ ጣቢያው ሳይገዛው ይመጣል። አብሮት የሚያልቀውን ጓንት፣ ካኑላ፣ ግሉኮስና በረኪና ግን ጣቢያው ከራሱ ኪስ ይገዛዋል። ወሊድም እንደዚሁ ነው፤ እናቲቱ አትከፍልም፣ ጓንቱ ግን በነፃ አይመጣም።

የጣቢያው ኪስ የውስጥ ገቢ ነው። በ1990 በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ተቋማት የሰበሰቡትን ገንዘብ ለራሳቸው እንዲያስቀሩ በር ከፈተ። ክልላችንም ሕጉን አውጥቶ ከቀደሙት አንዱ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የውስጥ ገቢ በመንግሥት በጀት ላይ የሚጨመር እንጂ በበጀቱ ምትክ የሚገባ አይደለም። በተግባር ግን ጣቢያው ዘንድሮ ጥሩ ከሰበሰበ በሚመጣው ዓመት «እናንተማ ገቢ አላችሁ» ተብሎ ከመደበኛው በጀት ይቀነስበታል። በዚህ ዓይነት ተግቶ የሰበሰበ ተቀጣ ማለት ነው። ይህ ቅነሳ የሚደረገው በበጀት ሰሞን፣ በሁለት ሦስት ሰዎች መካከል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ታካሚ በአካባቢው አይደርስም።

ከገቢው ትልቁን ድርሻ የያዘው አሁን የማኅበረሰብ ጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች መካከል ከጣና ምሥራቅ ዳር ያለው ፎገራ እና ደቡብ አቸፈር እንደነበሩ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው፤ ይህ አካባቢ የመድን ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው ለአባሉ አገልግሎቱን ቀድሞ ይሰጣል፣ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሰነዱን ሰብስቦ ለመድኑ ያቀርባል፣ ሰነዱ በሕክምና ኦዲት ታይቶ ይከፈላል። በሐምሌ የተሰጠ መድኃኒት ገንዘቡ በታኅሣሥ ቢመለስ እንኳ መደርደሪያው አምስት ወር ሙሉ በዱቤ ይሠራል። ዱቤ የሚችል ካፒታል ግን ጣቢያው የለውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ያልቃል፣ አባሉ «የለም» ይባላል፣ መዋጮውን ከፍሎ ሳለ እንደገና ከኪሱ ይገዛል። ልክ በዚያው ሰሞን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የመድን እድሳት ይመጣል። ቤት ለቤት የሚዞሩት ሰዎች መዋጮ ሲጠይቁት በአእምሮው ያለው ያ የፋርማሲ መስኮት ነው። አያድስም። አባል ሲቀንስ መድኑ ይደኸያል፣ ክፍያው የባሰ ይዘገያል። እድሳት ላይ የሚደረገውን ቅስቀሳ አንነቅፍም፤ መስኮቱ ላይ የጠፋን አባል በሜጋፎን ለመመለስ መሞከር ግን ድካም ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፣ እሱም «የለም» ነው። ጣቢያው ከግል አስመጪ እንዲገዛ መጀመሪያ ከመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ዕቃው እንደሌለ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ መምጣት አለበት። ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ይጸድቃል። ዋጋ በሳምንት በሚለዋወጥበት ገበያ ፕሮፎርማው ጊዜው ያልፍበትና ሩጫው እንደገና ይጀመራል። ሕጉ የተሠራው ሌባን ለመከላከል ስለሆነ ይነሳ አንልም። ነገር ግን ወረቀቱ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን፣ ዕቃውም ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ተሠርቶለት መጋዘን የገባበት ቀን ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ጊዜው የት እንደሚባክን ማንም ያየዋል። ዛሬ ሁሉም የሚያመካኘው በሌላው ላይ ነው።

ተሳትፎው በስም አለ። የሥራ አመራር ቦርድ አለ፣ በቦርዱም የኅብረተሰብ ተወካይ አለ። የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድም በስድስት መለኪያ ይሞላል፦ ርኅራኄና አክብሮት፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መኖር፣ የሕንፃው ሁኔታ፣ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ ንጽሕናና ደኅንነት። ካርዱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነጥቡ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጣቢያው ሠራተኞች በተቀመጡበት እጅ በማውጣት ነው፤ ነገ መርፌ የምትወጋውን ነርስ ፊት ለፊት እያየ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ ከስድስቱ መካከል ሠራተኛው በራሱ ሊያሻሽላቸው የሚችለው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነው። መድኃኒትን፣ ሕንፃንና አምቡላንስን የሚወስነው በጀት ነው። ሕዝቡ ለመድኃኒት ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል፣ በማሻሻያ ዕቅዱ ላይ «ክትትል ይደረጋል» ተብሎ ይጻፋል፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያው ነጥብ፣ ያው ዐረፍተ ነገር። ሦስት ጊዜ ይህን ያየ ሰው አራተኛውን ስብሰባ አይመጣም። ከዚያ «ሕዝቡ ተሳትፎ የለውም» ይባላል!

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው። ነጥቡ በወረቀት፣ በምሥጢር ይሰጥ፤ ማንበብ ለማይችል ባቄላና ሽምብራ በሁለት ሣጥን መጣል ይበቃል። በእያንዳንዱ ዝቅተኛ ነጥብ አጠገብ «ማን ይከፍላል? ከየትኛው የበጀት ርዕስ? እስከ መቼ?» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ የመጣ ዕቅድ ለጣቢያው ይመለስ። የበጀት ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ማለትም ከመጋቢት ሳያልፍ፣ ሁለት ታካሚዎች በተገኙበት ይነበብ፤ በተለይ የውስጥ ገቢው ስንት እንደሆነና ከመደበኛው በጀት የተቀነሰ ካለ ስንት እንደተቀነሰ በቁጥር ይነገር። ሐምሌ ላይ የጸደቀውን ማስነበብ ምክክር አይባልም፤ መርዶ ነው። መድኑም ባለፈው ሩብ ዓመት ከተከፈለው ላይ የተወሰነውን በቅድሚያ ለጣቢያው ይልቀቅና ኦዲቱ ሲያልቅ ያቻችል።

ታካሚዎቹ እነማን ይሁኑ? የቀበሌ ሹም በሰበሰበው ስም ዝርዝር ከተመረጡ ነገሩ ከጅምሩ ሞተ። አንዱ ወይም አንዷ በየወሩ መድኃኒት የሚወስዱ ይሁኑ፤ የስኳር፣ የግፊት ወይም የኤችአይቪ ክትትል ያላቸው፣ ሕመማቸውን እንዲናገሩ ሳይገደዱ። ሌላዋ በቅርቡ የወለደች እናት ትሁን። ጣቢያው ደሴትና ሐይቅ ዳር የሚያገለግል ከሆነ አንድ ሰው ከዚያ ይምጣ። ከጣና ደሴት ከደቅ የሚመጣ ታካሚ «የለም» ሲባል የሚያጣው መድኃኒቱን ብቻ አይደለም፤ የጀልባውን ሒሳብና ቀኑን ጭምር ነው፤ ጀልባ ደግሞ እንደ ባጃጅ ከደጅ አይቆምም። ለተወካዩ የመጓጓዣና የምሳ ይከፈለው። ስብሰባው በገበያ ቀን፣ በንግሥ ቀን፣ በሩዝ አጨዳ ሰሞን አይጠራ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ስብሰባ የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው።

«ታካሚ ስለ በጀት ምን ያውቃል?» የሚሉ አሉ። በዚህ ከተማ ዕድር የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ዕድር ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ውዝፍ ያለበትን ይቀጣል፣ ሁለት ሐዘን ባንድ ሳምንት ቢደርስ የሚበቃ መጠባበቂያ ይይዛል። ይህን የሚያንቀሳቅሱ እናቶችና አባቶች የአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ሒሳብ አይከብዳቸውም፤ በአማርኛ ከተጻፈ።

ከዛሬ ጀምሮ፣ ያለ ምንም በጀት ሊሠራ የሚችለው ደግሞ የ«የለም» መዝገብ ነው። አንድ ደብተር በፋርማሲው መስኮት ይቀመጥ። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የታዘዘው ፍሬ ብዛት፣ ታካሚው የመድን አባል መሆን አለመሆኑ፣ ማዘዣው በምትክ መድኃኒት ተሸፍኖ ወይስ እንዲሁ ተመልሶ። የታካሚ ስም አይጻፍበትም። አንድ መስመር ለመሙላት ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሰልፍ ሲበዛ ባለሙያዋ መሙላቷን ማቆሟ አይቀርም፣ ስለዚህ ማዘዣው ላይ የምትመታው «የለም» የሚል ማኅተም ይሰጣትና ቅጂው ሣጥን ውስጥ ይጣል፣ ማታ ይቆጠር። በወሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ «የለም» የተባሉት አሥር መድኃኒቶች ካለቀባቸው ቀናት ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጠፉ፤ የሁለት ወሩ መጠየቂያ ቅጽ ሲሞላ ደብተሩ ከቢን ካርዱ አጠገብ ተዘርግቶ ይሞላ፤ ቅጹ ወደ ቅርንጫፉ ከመላኩ በፊት ከታካሚ ተወካዮቹ አንዱ ያለቀባቸውን ቀናት አይቶ ይፈርምበት።

ከአክብሮት ጋር፣

በባሕር ዳርና በጣና ዳር በመድኃኒት አስተዳደር፣ በጤና ጣቢያ ቦርድና በመድን ሥራ ያለፉ ባለሙያዎችና ቋሚ ክትትል ያላቸው ታካሚዎች