ላሊበላ ሳትሄዱ ላሊበላን አትጻፉብን

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ያወጣችሁትን የላሊበላ የጉዞ ጽሑፍ አንድ የላሊበላ ልጅ እኔ ሱቅ ቁጭ ብሎ ሲያነበው ፊቱን እያየሁት ነበር፣ ይሄን ደብዳቤ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው። አራት ኪሎ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እሰራለሁ። ጋዜጣችሁን ሁሌ ገዝቼ ባንኮው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ፕሪንት የሚጠብቅ ሰው እንዲያነበው። ልጁ የመጣው ሲቪ ሊያስጽፍ ነው። አስጎብኚ ነበር፣ ፈቃድ ያለው፣ እንግሊዝኛና ጣልያንኛ የሚናገር፣ ቁጥብና ጨዋ ልጅ።

የሥራ ልምድ የሚለው ጋ ስንደርስ ከ2004 እስከ ስንት ልበል አልኩት፣ ዝም አለ። ከዛ “እስከ መጋቢት 2012 ይበሉ እትዬ” አለኝ፣ ኮሮና የገባ ጊዜ ማለት ነው። ከዛስ ስለው፣ ከዛማ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሳ፣ ሐምሌ መጨረሻ 2013 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ከረመች፣ ከዛ ሰላም ሆነ ተብሎ እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ሐምሌ 2015 ደሞ ክልሉ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። “መሀል መሀል ላይ ሰርቻለሁ፣ እሱ ግን እንዴት ይጻፋል?” አለኝ። ሦስት ወር ሰርቶ ዓመት የተቀመጠ ሰው ሲቪ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ እኔም አላውቅም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስጽፍ። እንዲሁ 2004–2012 ብለን ተውነው።

ከዛ ፕሪንት እስኪወጣ ጋዜጣውን አነሳ። የሀገሩን ስም ሲያይ ፊቱ በራ፣ እውነቴን ነው፣ ወንበሩን ሳብ አርጎ ተመቻችቶ ነው ማንበብ የጀመረው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ግን ጋዜጣውን ወደኔ አዙሮ ፎቶውን በጣቱ አሳየኝ፣ “ይሄ ከ2000 በፊት የተነሳ ነው” አለኝ። እንዴት አወክ ስለው ቤተ መድኃኔዓለም ላይ ያለው ጣሪያ የለበትማ አለኝ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ለጊዜው ተብሎ፣ በ2000 ዓ.ም. የቆመው ትልቁ የብረት መጠለያ ማለቱ ነው። የከተማው ሰው ይሄ ብረት ወድቆ ቅርሳችንን ይጎዳዋል ብሎ በ2011 ሰልፍ የወጣበት ጉዳይ እኮ ነው! ላሊበላ ሄዶ የተመለሰ ሰው ቀና ብሎ ያንን ብረት ሳያይ ሊመለስ አይችልም፣ አይቶት ደሞ ሳይጽፈው አይቀርም። ጽሑፋችሁ ውስጥ ስለሱ አንዲት ቃል የለም።

የጻፋችሁት ውሸት ነው እያልኩ አደለም። 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ብላችኋል፣ ልክ ነው። ዩኔስኮ በአውሮፓ 1978 መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው ብላችኋል፣ እሱም ልክ ነው። ግን ይሄን ማንም ሰው ታክሲ እየጠበቀ ከስልኩ ላይ ያገኘዋል፣ እኔ ከናንተ የምፈልገው ስልኬ ላይ የሌለውን ነው። ከዛ ውጪ ያለው ሁሉ ዕፁብ ድንቅ፣ ማራኪ፣ ውብ፣ የማይጠገብ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ማራኪ የሚለው ቃል ብቻውን 7 ጊዜ አለ። አንድ የሰው ድምፅ ግን የለም፣ የሚናገር ቄስ የለም፣ ሻይ የምታፈላ ሴት የለችም፣ ዋጋ የለም።

በደሴና በወልድያ አርጎ በመኪና መሄድ ይቻላል ትላላችሁ ደሞ። ልጁ እዛ ጋ ሲደርስ አነበበልኝና እሱ እንዴት እንደመጣ ነገረኝ። ጋሸና ላይ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ ነው ያደሩት፣ ሹፌሩ ከተከፈተ ጥሩምባ አነፋለሁ ራቅ እንዳትሉ ብሏቸው፣ እና አንዲት እናት ጥሩምባው ሳልሰማው ቢሄዱብኝስ ብላ ሁለቱንም ሌሊት ቁጭ ብላ ነጋላት። ኬላ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ወርዶ መታወቂያ ያሳያል፣ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። ይሄ ልጅ የአስጎብኚ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው አዲስ አበባ ድረስ የመጣው። ለምን ስለው “ኬላ ላይ ጥያቄ ይቀንስልኛል ብዬ ነው” አለኝ። ባጁን አውጥቶ አሳየኝ፣ ፎቶው ላይ ገና ጢም አላበቀለም፣ ፕላስቲኩ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ በስኮች ተጠግኗል፣ ፈረንጅ እንዲያየው የተሰራ ባጅ አሁን ለወታደር የሚታይ ሆኗል።

አዘጋጅ ሆይ፣ እኔ ስለ ጋዜጠኝነት የተማርኩት ነገር የለም፣ ግን ያቺ ባጅ ውስጥ የጉዞውም የፖለቲካውም ገጽ አብሮ አለ ባይ ነኝ። እናንተ ግን ሁለቱን ለያይታችሁ ገጽ 4 ላይ ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አሳሰቡ፣ አጽንኦት ሰጡ፤ ገጽ 11 ላይ ማራኪ፣ ውብ፣ ዕፁብ ድንቅ። በነዚህ ሁለት ገጾች መሀል ሀገሩ ጠፍቶብናል። በኛ ሀገር ዛሬ ሰው ዘመዱን ልጠይቅ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር መንገዱ ሰላም ነው ወይ የሚለውን ነው፣ ስለዚ ጉዞን የሚጽፍ ሰው ፖለቲካን አልነካም ቢል እንኳ ኬላው ላይ ወርዶ መታወቂያ ማሳየቱ አይቀርም፣ ያንን ብቻ እንዳየው ቢጽፈው እኮ ከሦስት የመግለጫ ዜና ይበልጥብኛል።

ለስድስት ኪሎ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ስለምተይብ አንዳንድ ነገር እጄ ላይ ያልፋል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ አለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ከንጉሡ መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥቶ 6 ዓመት ቆይቷል፣ የጻፈውም በ1540 ታትሟል። ላሊበላን አይቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ ባንድ ከጻፈ በኋላ ከዚህ በላይ መጻፍ ከበደኝ፣ የሚያምነኝ የለም ውሸታም ይሉኛል ይላል፣ የጻፍኩት እውነት ነው ብሎም በእግዚአብሔር ይምላል። ይሄን ስተይብ እጄን አቁሜ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሰውየው ያየው ነገር ከቃሉ በልጦበታል፣ ስለዚ ፈራ፣ ስለፈራም ተጠንቅቆ ጻፈ። ወደ 500 ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዛሬም ሳነበው ቆሞ ሲያይ ይታየኛል። የናንተን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ግን የሚያምነኝ የለም ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለውም፣ ምንም አላየማ።

የውጭ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጽፈው እንዳትሉኝ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ድረስ ሄደው ሲመለሱ ያዩትን ለሀገራቸው ሰው በአማርኛ ጽፈዋል፣ ሚኒስትር እንኳ ሄዶ ያየውን ይጽፍ ነበር።

ሄዶ ማየት ዋጋ እንደሚያስከፍል ደሞ አውቃለሁ። በዓሉ ግርማ ለሥራ አስመራ ሄዶ ያየውን በ1975 በልብወለድ አወጣው፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሪፖርተሮቻችሁ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው፣ ጦርነት መሀል ግቡ የሚል አፍ የለኝም፣ እግዜር ይጠብቃቸው። የወረቀቱም ዋጋ ሰማይ እንደነካ ይገባኛል፣ እኔም ወረቀት ገዝቼ ነው የምሰራው። ግን መሄድ ካልተቻለ መሄድ አልተቻለም ብሎ መጻፍ ይቻላል። ወይ ደሞ ንጋት ላይ ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ ከሰሜን የሚመጣውን መኪና መጠበቅ፣ ሲወርዱ እንዴት መጣችሁ፣ ስንት ቀን ፈጀባችሁ፣ ምን በላችሁ፣ ስንት ከፈላችሁ ብሎ መጠየቅ። እሱ አበል አያስፈልገውም፣ የታክሲ ብቻ ነው።

እንደውም መናኸሪያም አያስፈልግም። እኔ አራት ኪሎ የመጣሁት በ2016 ነው፣ በፊት ሱቄ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበረች። ሰፈሩ የፈረሰ ሰሞን ጋዜጣችሁን በየቀኑ ገዝቻለሁ፣ ኮሪደር ልማቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለ ጽፋችኋል። እኔ የምፈልገው ግን አንድ ሰው መጥቶ እንዲያይልን ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ሌላ ዕቃቸው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ የቤታቸውን በር ከነማጠፊያው ነቅለው ራሳቸው ተሸክመው ወጡ፣ ጋሼ ኮንዶሚኒየሙ በር አለው እኮ ብንላቸው “ይሄን በር አባቴ ነው ያሰራው” አሉ። መኪናው ላይ ቦታ ስላልነበረ በሩን ቁመቱን አቁመው ከሹፌሩ ጀርባ ይዘውት ቆመው ሄዱ። ፎቶ አላነሳሁም፣ ማንም አላነሳም። ጋዜጣችሁ ካለበት እዛ ድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያም እኮ ጉዞ ነው፣ ከዶሮ ማነቂያ እስከ ከተማው ዳር፣ አንድ በር ይዞ።

ስለ አጻጻፍ እኔ የማውቀው ከማመልከቻ ነው። ሰው እዚህ መጥቶ ችግሩን ሲነግረኝ እንባዬ ይመጣል፣ ወረቀቱ ላይ ሳሰፍረው ግን “ከፍተኛ ችግር ላይ የምገኝ በመሆኑ” ይሆናል፣ የመሥሪያ ቤቱ ወግ ነው፣ ሌላ ብጽፍ አይቀበሉትም። ስንት ሰው ያወራኝን ነገር እንደዛ አርጌ በአንድ መስመር ዘግቼዋለሁ፣ ሲቪውም ያው ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። እናንተ ግን መሥሪያ ቤት አደላችሁም፣ ያቺን አራት ዓመት ልትጽፏት ትችላላችሁ፣ የናንተ ገጽ ቦታ አለው፣ ለዛ ነው ቅር የሚለኝ።

ያንን ገጽ አታጥፉት ብዬ ነው የምለምናችሁ፣ የጉዞ ገጽ ያላቸው ጋዜጦች ስንት ቀሩ? በየሳምንቱ መሆኑ ይቅር፣ በወር አንዴ ይሁን፣ ግን የሄደ ሰው ይጻፈው፣ የሄደበት ቀን ይጻፍበት፣ ፎቶው የተነሳበት ዓመት ከሥሩ ይቀመጥ። መንገዱ ላይ ያገኘውን ሰው ያናግር። ማራኪ የሚለውን ቃል ለአንድ ዓመት ብትተዉት ደሞ ምን እንደሚያስቸግራችሁ አይታችሁ ትነግሩኛላችሁ።

ልጁ ሲቪውን 20 ኮፒ ነው ያስደረገው፣ ሂሳቡን ግማሽ ነው የተቀበልኩት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ 14ቱን ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች ጋ እየዞረ ሰጥቷቸዋል፣ የደወለለት የለም። ጽሑፋችሁ የወጣበትን ጋዜጣ ልውሰደው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ፎቶው ላይ ዳር ቆመው ከሚታዩት ዲያቆናት አንዱ አጎቱን መስሎታል፣ ለእናቱ ሊልክላት ነው፣ ሰጠሁት። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ይመጣል፣ ሪፖርተር የምትልኩ ከሆነ ሱቄ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ባጁንም ያሳየዋል።

አንባቢያችሁ፣
ከአራት ኪሎ